ለእናቴ አውራ ጣት የተሠራ ብዕር

እስክሪብቶ ካልተጫኑት አይጽፍም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ ተሽከርክራ ወፍራሙን ቀለም ይዛ እንድትወጣ ወረቀቱ ላይ ጫን መደረግ አለባት፤ አሠራሩ ይኸው ነው። አብዛኞቻችን ይህን ልብ ብለን አናውቅም፤ ጣታችን ጤነኛ ነዋ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈተና ጽፈን ስንወጣ እጃችንን አራግፈን እንረሳዋለን።

የእናቴ አውራ ጣት ግን አይረሳውም። እናቴ 34 ዓመት ጠመኔ ይዛ ያስተማረች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ የሆነች ሴት ናት። የወር መዋጮ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ድንኳኑ የት ተተከለ፣ ስንት ወንበር ወጥቶ ስንቱ ተመለሰ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው የሚመዘገበው። አሁን የአውራ ጣቷ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ያማታል። ሐኪሙ ረጅም ስም ሰጥቶታል፤ እሷ «ቁርጥማት» ብላ ትዘጋዋለች። አንድ ገጽ ጽፋ ስትጨርስ እጇን በሙቅ ውሃ ትነክራለች። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሽሮ እያማሰለች፣ ዞር ሳትል፣ «መዝገቡን ለልጅ እግር ላስረክብ ነው» አለች።

እኔ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እንደ ብዙ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ። ስለዚህ ወሬውን የሰማ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንተ አለህ አይደል? አፕ ሥራላቸዋ!» መሥራቱ አይከብድም። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ቢፈጅ ነው። ለእናቴም አነሳሁላት። «መብራት ሲጠፋስ?» አለች። ስልክ ባትሪ እንዳለው ነገርኳት። «እሺ፣ ወይዘሮ እገሌ መጥታ ‹መክፈሌን አሳዪኝ› ስትለኝ ስልክ ልሰጣት ነው?» መልስ ነበረኝ፤ ለሁሉም መልስ አለኝ፤ ሥራዬ ነው። ግን ስናወራ አንድ ነገር ገባኝ። አፑ የዕድሩን ችግር ይፈታል። እናቴ ግን የዕድሩ ችግር አይደለችም። መዝገቡ ወደ ስልክ ሲገባ እሷ ከመዝገቡ ትወጣለች። የሚያስፈልጋት ሳትጫን የምትጽፍበት ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ከተሠራ ቆይቷል። ቀለም የሚሞላ ብዕር፣ ፋውንቴን ፔን።

የቀለም ብዕር መጫን አይፈልግም፤ ወረቀቱን መንካት ይበቃዋል። ምክንያቱ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ የሚስብበት ምክንያት ነው። ፈሳሽ በጣም ጠባብ መንገድ ካገኘ ማንም ሳይገፋው ራሱ ይጓዛል። የብዕሩ ጫፍ፣ ፈረንጆቹ ኒብ የሚሉት፣ መሃሉ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ቀለሙ በስንጥቁ ይወርድና ጫፉ ላይ ይጠብቃል፤ ወረቀት ሲነካው ወረቀቱ ይስበዋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከመቃ ቀርጸው የሚሠሩት ብዕርም ጫፉ የተሰነጠቀው ለዚሁ ነው። ግዕዙ «ብርዕ» ይለዋል፤ መቃም ብዕርም ማለት ነው፤ እኛ ፊደሎቹን አገላብጠን «ብዕር» አልነው።

መቃው ግን በየጥቂት ቃሉ ቀለም ውስጥ መነከር አለበት። ቀለሙን ብዕሩ ሆድ ውስጥ አስቀምጦ በልክ እንዲወጣ ማድረግ ነው ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው። ከባዱ ደግሞ አየሩ እንጂ ቀለሙ አልነበረም። ከሙሉ ጄሪካን ውሃ ስትቀዱ «ጉልክ ጉልክ» እያለ የሚንደቀደቀው ለምንድነው? በወጣው ውሃ ፋንታ አየር መግባት ስላለበት፣ በዚያው አፍ ስለሚጋፉ ነው። ብዕር ውስጥም እንደዚያ ነው። አየር ካልገባ ቀለሙ ይቆማል፤ በአንዴ ከገባ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይዘረገፋል። በ1884 ኒውዮርክ ውስጥ ሉዊስ ዋተርማን ፓተንት ያወጣበት ብዕር ከኒቡ ሥር ያለው መጋቢ ላይ ጉድባ፣ ጉድባው ወለል ላይ ደግሞ ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሩት፤ ቀለም ሲወርድ አየር በዚያው መንገድ ቀስ እያለ ይወጣል። የዛሬዎቹ መጋቢዎች ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ክንፎች አሏቸው፤ ትርፍ ቀለም ሲመጣ እዚያ መሃል ይጠራቀምና ቆይቶ ይወጣል። ኮድ ለምትጽፉ፦ ባፈር ነው።

አንድ ነገር አሁኑኑ ልናገር። ኒቡንና መጋቢውን እኔ አልሠራኋቸውም። ጀርመን ውስጥ ዮቮና ቦክ የሚባሉ ፋብሪካዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በርሊን፣ ሁለተኛው ሃይድልበርግ። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ብዕር ሠሪዎች፣ ስም ያላቸው ሳይቀሩ፣ ኒባቸውን ከእነሱ ነው የሚገዙት። የእኔም በጓደኛዬ ሻንጣ ከበርሊን መጣ፤ ከሁለት ቸኮሌትና ከአንድ የሕፃን ጫማ ጋር። ስለዚህ «በእጅ የተሠራ» ስል ከኒቡ ጀርባ ያለውን ሁሉ ማለቴ ነው። ለእናቴ እጅ ደግሞ ወሳኙ እሱ ነው።

ንድፉን የጀመርኩት ከጨርቅ ነው። አራት እስክሪብቶ ላይ ጨርቅና ፕላስተር ጠቀለልኩና 9፣ 11፣ 13 እና 15 ሚሊሜትር ውፍረት ሰጠኋቸው። ስማቸውን ሳልነግራት በየተራ አስያዝኳት። 9ኙን ወዲያው አስቀመጠችው፤ ቀጭን ነገር ለመያዝ ጣት ይበልጥ መቆንጠጥ አለበት፣ የሚያማትም መቆንጠጡ ነው። 15ቱን አየት አድርጋ «ይሄማ ዘነዘና ነው» አለች። 13 ሆነ።

ቀጥሎ ክብደት። ናስ እወዳለሁ፤ ያምራል፣ ለመቁረጥም ይመቻል። ፍሪካድ ላይ ሙሉውን ገላ ከናስ አድርጌ ስሥለው ኮምፒውተሩ 77 ግራም አለኝ። ተራ የፕላስቲክ እስክሪብቶ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ብረት ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ነገር ደግሞ ለታመመ መገጣጠሚያ ምን እንደሆነ ወፍጮ ቤት ደርሳ የተመለሰች እናት ያለችው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጣት የሚነካው ሁሉ እንጨት፣ ናሱ ግን የሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ፦ ውስጥ ለውስጥ ጥርስ የሚወጣበት ቡሽ፣ የክዳኑ ከንፈር፣ ከኒቡ ኋላ ደግሞ አንድ ቀለበት። ቀለበቱ ለጌጥ አይደለም። ክብደቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል ብዕሩ በራሱ ወረቀቱ ላይ ይተኛል፤ እጅ መምራት እንጂ መጫን አይጠበቅበትም።

እንጨቱ ወይራ ነው። አክስቴ ቤት ጓሮ የተጣለ፣ ለሁለት የተሰበረ የበርበሬ ዘነዘና ነበር፤ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ይህን የመረጥኩት ለትዝታ ብቻ አይደለም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይጣመማል፤ የደረቀውም ቢሆን በክረምት ትንሽ ያብጣል፣ በበጋ ይመለሳል። ብዕር ውስጥ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ልዩነት ክዳን እንዲጣበቅ ወይም እንዲላላ ያደርጋል። ሠላሳ ዓመት ከጭስ አጠገብ የቆመ ወይራ የሚጣመመውን ተጣሞ ጨርሷል። ስንበሳው የበርበሬ ሽታ ወጣ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልወጣም፤ የወጣው የወተት ዕቃ ሲታጠን የሚሸተው ሽታ ነው።

ሥራው የተሠራው መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ ቶርኖ ቤት ነው። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ምናለሽ ተራ ገብቼ አሮጌ የናስ የቧንቧ ዕቃዎች በኪሎ ገዛሁና ንድፌን ሦስት ገጽ አትሜ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ረጅም ጊዜ አዩት።

«ኢንጂነር፣ ይሄ 0.02 ያልከው ምንድነው?»

«የሚፈቀደው ልዩነት ነው ጋሼ። ከዚያ በላይ ከሆነ አየር ያስገባል።»

«የፀጉር ሩብ?»

«ገደማ።»

«ይሄ ቶርኖ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ እሺ ማለታቸው ነበር።

ትልቁ ፈተና የኒቡ ቤት የሚገባበት ጥርስ ነው። የበርሊኑ ኒብ የሚታሰረው 7.4 ሚሊሜትር ስፋት፣ በየ0.5 ሚሊሜትሩ አንድ ጥርስ ባለው ቀዳዳ ነው። እንዲህ ያለ ብሎን በየትኛውም የመርካቶ ሱቅ የለም፤ የተለመደው ባለ 8 ብሎን ጥርሱ 1.25 ነው። ስለዚህ ጥርሱን የሚያወጣ መሣሪያ ገዝቶ ማሽከርከር ቀረ። ጋሼ የተሰበረ ፑንታ አነሱና ጫፉን በድንጋይ ሞርደው፣ ሞርደው፣ የወፍ ምንቃር የመሰለች መቁረጫ አወጡ። የቶርኖውን የኋላ ማርሽ ቀየሩ፤ ሠንጠረዡ ማሽኑ ላይ ተለጥፎ የነበረ ቢሆንም ተልጦ ስላለቀ ከራሳቸው ጭንቅላት ነው ያወጡት። ከዚያ ናሱን እያሽከረከሩ፣ በእያንዳንዱ ዙር የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ እያነሱ፣ የማያዩትን የቀዳዳውን ሆድ በጆሮ ቆረጡት። በጆሮ ስል እያጋነንኩ አይደለም። ናስ እንደ ብረት ተጠቅልሎ አይወጣም፤ እንደ አሸዋ ይረግፋል፤ ድምፁ ሲቀየር ቆም ይሉና ይነፉታል። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሻይ ጠጣን። ሲመጣ መቁረጫዋን መልሰው እዚያው ጥርስ ውስጥ አስገቧት፤ እንዴት እንዳገኙት እስካሁን አልገባኝም። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥርስ አቆራረጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተምሬ 17 ከ20 አግኝቻለሁ።

የኒቡ ቤት ሲገባ ሁለቴ ዞረና ሳይነቃነቅ ቆመ። ጋሼ «በል፣ 0.02ህን ለካ» አሉኝ። ካሊፐሬ ያን ያህል በትክክል አይለካም።

ክዳኑ ላይ ከማንም ጋር ሳይሆን ከእናቴ ጣት ጋር ነበር ድርድሩ። አብዛኛው ጥሩ ብዕር ክዳኑ ይጠመዘዛል። መጠምዘዝ ለእሷ ከመጻፍ የባሰ ነው፤ የዘይት ጠርሙስ እንኳ እኔ ነኝ የምከፍትላት። ስለዚህ ተስቦ የሚወጣ መሆን አለበት። ግን አየር ካስገባ ኒቡ በማግስቱ ደርቆ ይገኛል። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ትንሽ ኦሪንግ ገዛሁ፤ ይይዛልም፣ ይዘጋልም። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። በደንብ የተዘጋ ክዳን ሲሳብ እንደ ሲሪንጅ ይሆናል፤ ወደ ኋላ ስትስቡት ኒቡ ውስጥ ያለውን ቀለም አብሮ ይመጥጠዋል። መፍትሔው ኦሪንጉ የክዳኑን ግድግዳ የሚነካው በመጨረሻዋ 2 ሚሊሜትር ላይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ትንሽ ስትሳብ አየር ይገባል፤ ከዚያ ክዳኑ በራሱ ይወጣል። በዚህች 2 ሚሊሜትር የምኮራውን ያህል በምጽፈው ኮድ ኮርቼ አላውቅም።

ቀለም መሙላቱም ያው ነው፤ ውስጥ ያለው ትንሽ ጎተራ የሚሞላው ጭራውን በማሽከርከር ነው። ፋርማሲ ሄጄ ሲሪንጅ ገዛሁ፤ ጎተራውን አውጥቶ በእሱ መሙላት ይቻላል። ቀለሙም እንጨቱንና ናሱን ሳይነካ ይገባል። ናስ ቀለም ሲነካው እያደር ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ዝገትም ያወጣል።

እንጨቱን የቀባሁት ተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲነካው ይደርቃል፣ ስስ ልብስ ይሆናል። ስስ አድርጎ መቀባት፣ መጥረግ፣ ቀናት መጠበቅ፣ እንደገና። አምስት ጊዜ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትጥሉት፤ ሲደርቅ ይሞቃል፣ በራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አስጡት።

ሁሉም ከተገጣጠመ በኋላ ብዕሩ 26 ግራም መዘነ። ጻፈም። ግን እኔ ስሜን በእንግሊዝኛ ስፈርም በውሃ ላይ እንደሚሄድ ያህል የተንሸራተተው ብዕር፣ እናቴ «ወ/ሮ» ብላ ስትጀምር «ወ»ን ዘለላት። ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

የኛ ፊደል ለብዕር ከባድ ፈተና እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ተያይዞ የሚጻፍ የላቲን ቃል ብዕሩ ሳይነሳ ያልቃል፤ ቀለሙ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ ይቀጥላል። አማርኛ ግን ሁሉም ፊደል ለብቻው ነው፤ ፊደሉም ራሱ በቁርጥራጭ ነው የሚጻፍ። «መታሰቢያ» የሚለውን ቃል ጽፌ ብዕሬን ስንቴ እንዳነሳሁ ስቆጥር 10 ጊዜ ሆነ። አሥሬ ይነሳል፣ አሥሬ ይጀምራል። በእያንዳንዱ ጅማሬ ቀለሙ ጫፉ ላይ ቆሞ መገኘት አለበት። ጫፉ ከመጠን በላይ ለስልሶ ከተወለወለ ደግሞ ስንጥቁ ወረቀቱን ሳይነካ ስለሚቀር የመጀመሪያው ጭረት ይዘለላል። ስለዚህ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ጥቂት ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ጫፉን ሞረድኩት፤ በሁለቱ ጥፍሮቹ መሃል ቀጭን የናስ ቅጠል አሳልፌ ቀለሙ ትንሽ እንዲበዛ ከፈትኩት። ብዙ ግን አይቻልም፤ የዕድሩ መዝገብ ወረቀት ርካሽ ነው፣ ቀለም ሲበዛበት ሥር እያወጣ ይሰራጫል። ያኔ የ«ሬ» ቀለበት ትደፈናለች፣ «ሬ» እና «ሪ» አንድ ይሆናሉ። ዕድር ውስጥ ደግሞ የሰው ስም መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ማታ ሙሉ እሷ ስትጽፍ እኔ ስሞርድ አመሸን። «ወ/ሮ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሮ» እያለች አንድ ገጽ ሞላች። ስትጨርስ እጇን ወደ ሙቅ ውሃ አልወሰደችም። እኔም ምንም አላልኩም፤ ነገር ማሟረት እንዳይሆን።

ድሬዳዋ ያለችውን አክስቴን ልትጠይቅ ስትሄድ ብዕሩን ይዛው ሄደች። እኔ ቀድሜ ያሰብኩበት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ግማሹን ያህል። ታች የሞላችሁት ብዕር ውስጥ የታች አየር አለ፤ ወደ ላይ ስትወጡ ያ አየር ይለጠጣል፣ ቀለሙንም ይገፋል። ባዶ ቦታው በበዛ ቁጥር ግፊቱ ይብሳል፤ ስለዚህ ከመመለሷ በፊት ጢም አድርጋ እንድትሞላው፣ ኒቡንም ወደ ላይ አድርጋ እንድትይዘው ነገርኳት። በግማሽ ቀለም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ዘቅዝቃ ይዛው መጣች። ክዳኑን ስከፍት ክንፎቹ መሃል ትንሽ ቀለም ተጠራቅሟል፤ ውጭ የወጣ ጠብታ የለም። በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ሰው አውሮፕላን ላይ ስለ ብዕሩ ብዙም አይጨነቅ። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢሳሳ የእኛን ከተማ ያህል ነው።

መዝገቡን አላስረከበችም። «እስቲ ክረምቱ ይለፍ» ነው ያለችው፤ ከእሷ አፍ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ የዕድሩ ዳኛም ያውቃሉ። በብርድ ጠዋት አሁንም ያማታል። ገንዘብ ያዡ «ለእኔም አንድ» ብለውኝ ነበር፤ በትሕትና አሳልፌዋለሁ።

አሁን የቀረን ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ አንጠባጥቦ መዝገቡ ላይ ሁለት ጠብታ አረፈ፤ ሁለት አባላት ሰማያዊ ደመና ሆኑ። የእስክሪብቶ ቀለም ዘይትነት ስላለው ውሃ አይደፍረውም፤ የብዕር ቀለም ግን ራሱ ውሃ ነው። የብራና ጸሐፊዎቹ ጥላሸት ያለበት ጥቁር ቀለም ዘመን የሚሻገር ነው፤ ግን ፍርፋሪው ይህን ጠባብ መንገድ በአንድ ሳምንት ይደፍነዋል። እናቴ ከአሮጌ መዝገብ ገጽ ቀድዳ በሁለት ዓይነት ቀለም አንድ አንድ መስመር ጻፈችና ገጹን አሸንዳው ሥር ሰካችው። የመጀመሪያው በአሥር ደቂቃ ጠፋ። ሁለተኛው ግራጫ ሆኖ ይነበባል፣ በመነጽር። ሦስተኛው ብረት ያለበት ቀለም ነው፤ ሲጻፍ ደብዘዝ ይልና አየር ሲያገኘው ጠቁሮ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፤ ትንሽ አሲድነት ስላለው ኒቡን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ከበርሊን ለመስቀል ይዞልኝ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ እናቴ ቤት ውስጥ በብዕሩ ትጽፋለች፤ ድንኳን ሥር ስትቀመጥ ያችኑ እስክሪብቶ፣ ጨርቋን እንደጠቀለለች፣ ባለ 13ቷን።